ከባሮ ወደብ እስከ አቦቦ፦ ከሂሳብ በላይ የሚወጣ ገንዘብና ዋጋው

ባሮ ወንዝ መርከብ የሚሸከመው በክረምት ብቻ ነበር። ከሰኔ መግቢያ አንሥቶ ውኃው ሲሞላ ከካርቱም የሚነሡት የእንፋሎት መርከቦች በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል ሽቅብ እየተጓዙ ጋምቤላ ይደርሱና ጨውና አቡጀዲ፣ ልዩ ልዩ የፋብሪካ ዕቃም አራግፈው፣ ቡናና ሰም፣ ቆዳም ጭነው ይመለሱ ነበር፤ ጥቅምት አልፎ ወንዙ ሲጎድል ግን ወደቡ እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ ጭር ይላል። የኢሉባቡር ቡና ደግሞ የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት የበጋ ወራት ነውና፣ በኅዳር ቡና የገዛ ነጋዴ ሐምሌ ደርሶ መርከቡ ፉጨቱን እስኪያሰማ ድረስ ገንዘቡ በጆንያ ውስጥ ታስሮ ይቀመጥበታል። በእነዚህ ስምንት ወራት የበቅሎ ኪራይ ይከፈላል፤ ተሸካሚው ደመወዙን ይጠይቃል፤ ቤተሰብም ይበላል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሌላ ቡና ለመግዛት ጊዜው ገና አላለፈም። በእጅ ያለው ሲያልቅ ገና ያልተሸጠውን ተማምኖ ወጪ ማድረግ በዚያ ንግድ ውስጥ ከሥራው ጋር አብሮ የተፈጠረ ጉዳይ ነበር እንጂ፣ አባካኞች ያመጡት ነውር አልነበረም።

ይህን ያነሣሁት ዛሬ በጋምቤላ ክልል ባለችው በአቦቦ ከተማ አንድ ገበሬ ወይም መምህር በስልኩ ሲከፍል ገንዘቡ ባይበቃ፣ ስልኩ ራሱ የጎደለውን ሞልቶ በኋላ ከነክፍያው የሚቀበልበት ዘመን ላይ ስለ ደረስን ነው። ነገሩ አዲስ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ከዚያው ከባሮ ዳር ይነሣል፤ ታሪኩንም ያላወቀ ሰው ክፍያውን በቅጡ ሊመዝነው የሚችል አይመስለኝም።

ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል፣ በኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር በወንዙ በኩል ርዝመቱ ከ2000 ሜትር የማይበልጥ፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማያልፍ ቦታ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ ይሆን ዘንድ በኪራይ ተፈቀደ፤ ጣቢያውም በኋላ ጋምቤላ ላይ ተመሠረተ። ግሪኮችና ሶርያውያን፣ ሱዳናውያንና የመሀል አገር ሰዎች መጋዘናቸውን በዚያ ሠሩ። ከላይ ከደጋው ጎሬ ነበረች፤ የኢሉባቡር ገዢዎች መቀመጫ፣ የቡናውም መሰብሰቢያ። ከጎሬ በቡሬ በኩል ቁልቁል የሚወርደው የሲራራ መንገድ ሁለቱን ገበያዎች ሲያገናኝ፣ ገንዘቡ በዚያው መንገድ ወደ ላይ፣ ቡናው ደግሞ ወደ ታች ይጓዝ ነበር። የጋምቤላው ነጋዴ ለጎሬው ነጋዴ ቀብድ ይሰጣል፤ የጎሬው ነጋዴ ለሰብሳቢው ይሰጣል፤ ሰብሳቢውም ለባላገሩ ጨርቅና ጨው በዱቤ ያደርሳል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ያለው ሁሉ ተበዳሪም አበዳሪም ነበር፤ ለመዘግየቱም ዋጋ የሚከፈለው በወለድ ስም ሳይሆን በቡናው ዋጋ መቀነስ ነበር። ባላገሩ ቡናውን አስቀድሞ የሸጠ እንደ ሆነ፣ ጠብቆ ከሸጠው ጎረቤቱ ያነሰ ያገኛል። ልዩነቱን ማንም በመዝገብ አልጻፈውም፤ ነገር ግን ያ ልዩነት የዛሬው ሰው ክፍያ የሚለው ነገር ነው።

ገንዘቡ ራሱ ከባድ ነበር። በ1780 እ.ኤ.አ. የተቀረጸ ቀን የያዘው የማርያ ቴሬዛ ብር እያንዳንዱ 28 ግራም ያህል ይመዝናልና፣ ሺህ ብር ያለው ነጋዴ 28 ኪሎ የሚመዝን ብር በበቅሎ አስጭኖ፣ ሽፍታ እየፈራ፣ ወንዝ እየተሻገረ መሄድ ነበረበት። በየካቲት 1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው የአቢሲኒያ ባንክ፣ በብሔራዊ የግብፅ ባንክ ሥር በ500,000 ፓውንድ ካፒታል የተቋቋመው፣ ከሐረርና ከድሬዳዋ ቅርንጫፎቹ ሌላ በጎሬም ቅርንጫፍ፣ በጋምቤላም ወኪል ማኖሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። በአንዲት በበጋ በምትተኛ ወደብ ላይ ባንክ የተከፈተው ለቁጠባ ብሎ አይደለም፤ ቡና ስላለ ነው፤ ቡና ያለበት ደግሞ የሚጠበቅ ገንዘብ አለ።

ባንኩ ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ እንግዳ ሆኖ መቆየቱ እርግጥ ነው። ሰው ብሩን በማሰሮ ቀብሮ ማኖር የለመደ ነበር፤ በወረቀት ኖት ማመን ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ ብድሩም ይልቁን ወደ ውጭ አገር ነጋዴዎች ያጋደለ ስለ ነበር ሕዝቡ ባንኩን የራሱ አድርጎ አላየውም። ነገር ግን ከባንኩ ጋር አንድ ልማድ ገባ፤ ይኸውም አንድ ነጋዴ በተንቀሳቃሽ ሂሳቡ ያስቀመጠው ገንዘብ ካለቀ በኋላ፣ ባንኩ አስቀድሞ እስከ ፈቀደለት ጣሪያ ድረስ ወጪ እንዲያደርግ፣ ገንዘብ ባገኘም ጊዜ ሂሳቡን እንዲሞላ፣ ወለዱም በየቀኑ በወጣው ትርፍ ገንዘብ ላይ ብቻ እንዲታሰብ የሚያደርግ ሥርዓት ነው። ባንኮቻችን ዛሬም ድረስ ኦቨርድራፍት ብለው ይጠሩታል። ልማዱ በእንግሊዞች የባንክ ሥርዓት የኖረ ነው፤ መነሻውም በስኮትላንድ እንደ ሆነ ይነገራል፤ በ1728 እ.ኤ.አ. የኤዲንብራ ነጋዴ ዊልያም ሆግ፣ የዕዳ መክፈያው ቀን ገንዘቡ ከሚገባበት ቀን ስለ ቀደመበት፣ ከሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ እስከ 1,000 ፓውንድ ከሂሳቡ በላይ እንዲያወጣ ተፈቀደለት። የኤዲንብራው ሰውና የጎሬው የቡና ነጋዴ ሳይተዋወቁ በአንድ ችግር ተያይዘው ነበር፦ ገንዘብ የሚገባበትና የሚወጣበት ጊዜ አይገጥምም።

ከባንክ በፊት አገራችን ዕዳን የምትይዝበት ሥርዓት ምን ይመስል እንደ ነበር መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የዛሬው ክፍያ ቀላል ወይም ከባድ የሚመስለን ከዚያ አንጻር ነው። ቤተ ክርስቲያን አራጣን በመጽሐፍም በስብከትም ስታወግዝ ኖራለች፤ ፍትሐ ነገሥትም በዚሁ መንፈስ ይሄዳል። ገበያው ግን በጎን መንገድ ሄዶ እህል አበድሮ በመኸር ጊዜ አብዝቶ መቀበልን፣ መሬት በወለድ አግድ መያዝን አላቆመም። ብድር የሚጸናው በዋስ ነበር። ዋስ ማለት ለሌላው ሰው ዕዳ ራሱንና ንብረቱን የሚያስይዝ ሰው ነው፤ ያለ ዋስ የሚያበድር አልነበረም፤ ዋስ የሌለውም ሰው በዚያ ማኅበር ውስጥ ብቸኛ ነበር። ያልከፈለ ባለ ዕዳ ደግሞ በቁራኛ ይታሰራል፦ እጁ ከአበዳሪው እጅ ጋር በሰንሰለት ተቆራኝቶ፣ ሁለቱ አብረው እየበሉ፣ አብረው እየተኙ፣ አብረውም ለልመና እየወጡ ዕዳው እስኪከፈል ይቆያሉ። ይህን ልማድ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ አዲስ አበባን የጎበኙ የውጭ ሰዎች በዓይናቸው አይተው ጽፈውታል። የቁራኛ ሥርዓት ጨካኝ ነው ቢባል ትክክል ነው፤ ሆኖም አበዳሪውም በሰንሰለቱ ሌላ ጫፍ ታስሮ ይሰቃይ ስለ ነበር፣ መክፈል ለማይችል ሰው በችኮላ ማበደርን የሚከለክል ፍርሃት በውስጡ ነበረ። የዛሬው አበዳሪ እንዲህ ያለ ፍርሃት የለበትም።

በጋምቤላ ዙሪያ በሚኖሩት በአኙዋኮች ዘንድ ደግሞ ዕዳ ሌላ መልክ ነበረው። የጋብቻ ጥሎሽ የሚከፈለው ድሙይ በሚባለው ሰማያዊ የብርጭቆ ዶቃ ነበር፤ ዶቃው በቁጥር የተወሰነ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ ስለ ሆነ ማንም ተነሥቶ ሊያበዛው አይችልም። ወንድም ለእኅቱ በመጣው ዶቃ ሚስት ያገባል፤ እኅቱ ሳትዳር ማግባት የፈለገ እንደ ሆነ ከዘመድ ተበድሮ ይከፍላል፤ በኋላ የእኅቱ ጥሎሽ ሲገባ ይመልሳል። እዚህም የሚመጣን ነገር ተማምኖ ወጪ ማድረግ አለ፤ አበዳሪው ግን ዘመድ ስለ ሆነ ዋጋው በዝምድናው ውስጥ ይቀራል። ይህንን በሰፊው ያጠኑት የማኅበረሰብ ሳይንስ ሊቃውንት ዝርዝሩን ጽፈዋልና እኔ ልለፈው።

የአቢሲኒያ ባንክ በ1923 ዓ.ም. በመንግሥት ተገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ ሆነ፤ ካፒታሉም 750,000 ፓውንድ ነበር። ኢጣሊያ ወረራ አድርጋ የራሷን ባንኮች አስገባች፤ ከድሉ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በሚያዝያ 1935 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። ጋምቤላም ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በጥቅምት 1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰች፤ ነገር ግን ወደቡ ተመልሶ የድሮውን ክብር አላገኘም። የደቡብ ሱዳን ጦርነት ወንዙን አስፈሪ አደረገው፤ ቡናውም በመኪና መንገድ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሰብ ፊቱን አዞረ።

በዚሁ ዘመን የሕግ መጻሕፍት በዝተው ወጡ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በቂ ገንዘብ ሳይኖር ቼክ ጽፎ መስጠትን ወንጀል አደረገ፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ቼክና ስለ ባንክ ሥራ ደነገገ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉም በዚያው ዓመት በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ብድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። ሕዝቡ ደረቅ ቼክ የሚለው ነገር በየፍርድ ቤቱ መታየት የጀመረው ከዚህ ወዲህ ነው። በብዙ አገር በሂሳቡ ውስጥ ገንዘብ ሳይኖር ቼክ የጻፈ ሰው ባንኩ ቅጣት አስከፍሎት ያልፈዋል፤ በእኛ አገር ግን ሕጉ ጠበቅ ብሎ ቆሟል፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 693 ሆን ብሎ እንዲህ ያደረገውን ሰው እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ያዛል። የብሔራዊ ባንክ መመሪያም ደጋግሞ ደረቅ ቼክ የጻፈውን ሰው ሂሳብ ያዘጋል፤ ስሙም ለባንኮች ሁሉ ይተላለፋል። የኦቨርድራፍት ፈቃድ ያለውና የሌለው ሁለት ነጋዴዎች በአንድ ቀን ተመሳሳይ ቼክ ቢጽፉ፣ የመጀመሪያው ወለድ ይከፍላል፤ ሁለተኛው ፍርድ ቤት ይቀርባል። ይህንን ልዩነት አስተውሉ፤ የባንክ ፈቃድ ምን ያህል ትልቅ ጸጋ እንደ ነበረ የሚያሳየው ይህ ነው።

ጸጋው ግን ለጥቂቶች ነበር። ኦቨርድራፍት የሚፈቀደው በከተማ ቤት ወይም ሕንፃ ያለውና ያንን በመያዣ ሊያስመዘግብ የሚችል፣ የንግድ መዝገቡን ሊያሳይ የሚችል ሰው ነው። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ሆኖ ይታደሳል። አሠራሩን የሚያውቁ ነጋዴዎች በዚህ ሥርዓት ይጠቀማሉ፤ ለምሳሌ 100,000 ብር ጣሪያ ያለው ሰው ከዚያ 60,000 ብሩን ለ20 ቀን ብቻ ቢጠቀምበትና ወለዱ በዓመት 12 በመቶ ቢሆን፣ የሚከፍለው 400 ብር አይሞላም፤ የቀረውን 40,000 ስላልነካው ወለድ አይታሰብበትም። የማያውቁት ግን ጣሪያውን የራሳቸው ገንዘብ አድርገው ይቆጥሩታል፤ ሂሳቡ ዓመት ከዓመት ከጣሪያው ሥር ሳይነቃነቅ ይቀመጣል፤ ወለዱ ራሱ ጣሪያውን ሲያልፍ ቅጣት ይመጣል፤ ባንኩም ሂሳቡ እንደማይንቀሳቀስ ካየ ወደ መደበኛ የጊዜ ብድር ይለውጠዋል፤ ከዚያም መያዣው አለ። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በሐራጅ የመሸጥ ሥልጣን በአዋጅ ተሰጥቷቸዋልና፣ በጋዜጣ የሚወጣውን የሐራጅ ማስታወቂያ ያነበበ ሰው የዚህን ታሪክ መጨረሻ ያውቀዋል።

አቦቦ በዚህ ታሪክ ውስጥ ዘግይታ ገባች። ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘው ይህች የአኙዋኮች አገር በቆሎና ማሽላ አምርታ፣ ከአልዌሮ ወንዝ ዓሣ አጥምዳ ስትኖር ባንክ የሚባል ነገር አላስፈለጋትም። በደርግ ዘመን ግን ሁለት ነገሮች አብረው መጡ። የመጀመሪያው ሰፈራው ነው፤ በዘመኑ ከደረሰው ድርቅ በኋላ ከሰሜንና ከደቡብ የመጡ ሰዎች በቁጥር በሚጠሩ መንደሮች ሰፈሩ፤ ሁለተኛውም በሶቪየት ባለሙያዎች እርዳታ የተሠራው የአልዌሮ ግድብ ነው፤ ለ10,000 ሄክታር ያህል መሬት ውኃ እንዲያጠጣ፣ ጥጥም እንዲበቅልበት ታስቦ ነበር። ግድቡ ቆመ፤ ቦዮቹ ግን የታሰበውን ሁሉ ሳያጠጡ ረዥም ዘመን አለፈ። በኋላ የሳዑዲ ስታር የሩዝ እርሻ በዚያው ውኃ ዙሪያ 10,000 ሄክታር ያዘ።

ከዚያ ወዲያ የመጣውን ነገር ጋምቤላ ሁሉ ያስታውሰዋል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉ ለሰፋፊ እርሻ ሲከፈት ከ600 በላይ ባለሀብቶች መሬት ወሰዱ፤ ከእነርሱም ጥቂት ያልሆኑት የልማት ባንክን ብድር ወሰዱ። በ2009 ዓ.ም. አካባቢ ይፋ የሆነው የመንግሥት ጥናት ከተሰጠው መሬት የለማው ጥቂቱ ብቻ መሆኑን፣ የአንዱ ይዞታ በሌላው ላይ ተደርቦ የተሰጠበት ቦታ መኖሩን፣ ብድሩም ለታሰበለት ሥራ ሳይውል የቀረበት ሁኔታ መታየቱን አመለከተ። ባንኩ በዝናብ ለሚለማ እርሻ የሚሰጠውን ብድር አቆመ፤ እስከ 2010 ዓ.ም. ከሰጠው ብድር ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው በወቅቱ የማይመለስ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ጉዳይ የእኔ ፍርድ አጭር ነው። ትልቁ ተበዳሪ ሳይከፍል ሲቀር አገር ስብሰባ ይቀመጥበታል፣ ጥናት ይጠናበታል፤ ትንሹ ተበዳሪ በአንድ ቀን ቢዘገይ ግን ክፍያው ማንንም ሳይጠይቅ በራሱ ይቆረጣል።

ትንሹ ተበዳሪ ከባንክ በፊትም ከሂሳቡ በላይ ያወጣ ነበር፤ ሂሳቡ ግን የሚያዘው በሱቅ ደብተር ነበር። በማንኛውም ትንሽ የወረዳ ከተማ፣ በአቦቦም፣ ከሱቁ መስኮት ጀርባ ጥግ ላይ ያለውን የዱቤ ደብተር ያየ ሰው ያውቀዋል። ባለ ካሬ የተማሪ ደብተር ነው፤ ሽፋኑ በዘይት ወይቧል፤ እስክሪብቶው በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል። በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ የአንድ ሰው ስም አለ፤ መምህር እገሌ፣ ነርስ እገሊት፣ የእርሻው ዘበኛ፤ ከሥሩ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ የሞባይል ካርድ ቀን በቀን ተጽፏል፤ ደመወዝ ሲወጣ ባለ ሱቁ በገጹ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሰረዝ ይስባል፤ ሁለቱም ሰረዙን ያያሉ። ዋጋው ግን በጥሬ ገንዘብ ከሚሸጠው ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ሁለት ብር፣ አምስት ብር። ማንም ይህንን ወለድ ብሎ አይጠራውም፤ ባለ ሱቁም አራጣ አበዳሪ ቢባል ይቀየማል። ሆኖም ደመወዙ የዘገየበት መምህር በሌላ ሱቅ ያለውን ርካሽ ዋጋ እያየ ማለፍ ግድ ይሆንበታል፤ ደብተሩ ያለው እዚህ ነውና።

እቁብም ከዚህ ወገን ነው፤ ምንም እንኳ የቁጠባ ማኅበር ተብሎ ቢታወቅ። በመጀመሪያው ሳምንት ዕጣ የወጣለት ሰው በእውነቱ ከጓደኞቹ የተበደረ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የሚከፍለው ዕዳውን ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ደግሞ ወለድ ሳይቀበል ያበደረ ነው። ነገር ግን በመሀል ችግር የደረሰበት ሰው ዕጣ ከወጣለት ሰው ዕጣውን የሚገዛበት ልማድ አለ፤ ለባለ ዕጣው ጥቂት ገንዘብ ይተውለትና ተራውን ይወስዳል። ያ የሚተወው ገንዘብ ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ማንም የባንክ ባለሙያ ያለ ማመንታት የጊዜ ዋጋ ነው ይላል። የእቁቡ ጥሩ ጎን ዋጋው በሁለት ሰዎች ፊት በድርድር መቆረጡ ነው፤ ሰብሳቢው ይሰማል፤ የበዛ እንደ ሆነ ሌላው አባል ጣልቃ ገብቶ እባክህ ይህንን ያህል አታስከፍለው ይላል።

በግንቦት 2013 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን አስጀመረ። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ ከዳሽን ባንክ ጋር በመተባበር መላ የተባለውን አነስተኛ ብድር፣ ሳንዱቅ የተባለውን ቁጠባ፣ እንደኪሴ የተባለውንም የኦቨርድራፍት አገልግሎት ይፋ አደረገ። በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ከጎሬና ከጋምቤላ ትልልቅ ነጋዴዎች እጅ ያልወጣው መብት፣ መያዣ ሳይጠይቅ፣ ዋስ ሳይጠይቅ፣ በስልክ ላይ ለተራው ሰው ደረሰ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሊናቅም አይገባውም። በአቦቦ የታመመ ልጅ ይዞ ወደ ጋምቤላ ሆስፒታል ለመሄድ የመኪና ሂሳብ የጎደለው አባት፣ በሌሊት የባለ ሱቁን በር ከማንኳኳት በስልኩ ከፍሎ መሄዱ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ነገር ግን መያዣና ዋስ የቀረው በነጻ አይደለም፤ አበዳሪው የማያውቀውን ሰው ስለ ማመኑ ዋጋ ይጠይቃል፤ ዋጋውም በአገልግሎት ክፍያ ስም ይመጣል። የክፍያው መልክ ነው የሚያሳስበኝ። ለምሳሌ ያህል፣ የማንም ተቋም ታሪፍ ነው ሳልል፣ አንድ ሰው 1,000 ብር ጎድሎት በ30 ብር ክፍያ ለ10 ቀን ቢሞላለት፣ 30 ብር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚሁ ስሌት ዓመቱን ሙሉ ቢበደር የሚከፍለው ከ109 በመቶ ያልፋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለግለሰብ አበዳሪ ከወሰነው 12 በመቶ ጋር ስታስተያዩት ነገሩ ያስደነግጣል። በእርግጥ የባንክ ሥራ በብሔራዊ ባንክ ደንብ የሚተዳደር ስለ ሆነ ሕጉ በቀጥታ አይነካውም፤ አነስተኛ ብድር የሚያስከትለው ወጪም ከትልቅ ብድር የበለጠ መሆኑን አልክድም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ በብር የተነገረ ክፍያ ዝም ይላል፤ በዓመት በመቶ የተነገረ ክፍያ ይናገራል።

በዚህ ረገድ ከሩቅ የመጣ ምስክር አለን። በሚኒሶታ ብዙ የአኙዋክ ስደተኞች ይኖራሉ፤ በዋሽንግተን አካባቢም የመሀል አገር ሰው ሞልቷል፤ እነዚህ ወገኖቻችን በአሜሪካ ባንክ ሂሳብ ሲከፍቱ የመጀመሪያ ትምህርታቸው ኦቨርድራፍት ይባላል። በዚያ አገር ብዙ ባንኮች ለረዥም ጊዜ ከሂሳብ በላይ ለወጣ ለእያንዳንዱ ክፍያ 35 ዶላር ያህል ሲያስከፍሉ ቆይተዋል፤ አራት ዶላር የሚያወጣ ቡና በካርድ የገዛ ሰው በሂሳቡ ሦስት ዶላር ብቻ ካለ ቡናው ወደ 40 ዶላር ይደርስበታል። ከዚህም የከፋው፣ አንዳንድ ባንኮች በቀኑ የተደረጉትን ክፍያዎች ከትልቁ ወደ ትንሹ እያስቀደሙ ይመዘግቡ ነበር፤ ትልቁ ሂሳቡን አስቀድሞ ሲያራቁተው ቀጥለው የሚመጡት ትንንሾቹ እያንዳንዳቸው ቅጣት ያመጣሉ። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በካርድ ለሚደረግ አንድ ጊዜ ግዢና ከገንዘብ መክፈያ ማሽን ለሚወጣ ገንዘብ ደንበኛው አስቀድሞ ካልተስማማ በቀር ባንኩ ይህን ቅጣት እንዳያስከፍል ተከለከለ፤ ለቼክና በየወሩ በራሳቸው ለሚቆረጡ ክፍያዎች ግን ክልከላው አይሠራም። በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣውና የትልልቅ ባንኮችን ቅጣት ወደ 5 ዶላር ዝቅ ያደርገው ዘንድ የታሰበው ደንብ በማግሥቱ ዓመት በምክር ቤቱ ተሻረ። በዚያ የሚኖር ዘመድ ያለው ሰው በስልክ ሲያወራው፣ በሂሳብህ ላይ ያንን ፈቃድ ሰጥተሃልን ብሎ ይጠይቀው፤ ብዙዎች ሂሳቡን ሲከፍቱ በፈረሙት ወረቀት ውስጥ ሳያነቡት ፈርመዋልና፤ መልሶ መሻርም ይቻላል።

በአገራችን ካርድ ይዞ ወደ ማሽን የሄደ ሰው ገንዘቡ ካልበቃ ማሽኑ በቂ ሂሳብ የለዎትም ብሎ ይመልሰዋል እንጂ ቅጣት አይጥልበትም። ይህ ከድህነት የመጣ ጥንቃቄ ነው ብለው የሚያፍሩበት አሉ፤ እኔ ግን አላፍርበትም። ሰውየው ቢያዝንም ዕዳ ሳይገባ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የስልክ ኦቨርድራፍት ሲስፋፋ ይህ የመከልከል ጸጋ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ በማሽኑ ፋንታ መከልከል ያለበት ሰውየው ራሱ ነው። የሚከለክልበትም መንገድ የተሰወረ አይደለም፦ አገልግሎቱን ከመክፈቱ በፊት ክፍያው በአንድ ቀን ስንት፣ ከዘገየ ስንት እንደሚሆን መጠየቅ፤ የሚመለስበትን ቀን ከደመወዝ ወይም ከመኸር ቀን ጋር ማስተያየት፤ ገንዘብ በገባ ሰዓት አስቀድሞ ዕዳውን መዝጋት፤ የማያስፈልገው ከሆነም አለመክፈት። የባሮ ነጋዴዎች ከዚህ የተለየ ጥበብ አልነበራቸውም። መርከቡ የሚመጣበትን ወር ሳያውቁ ቀብድ አልሰጡም፤ አልወሰዱምም።

ለአበዳሪዎቹ ደግሞ የምለው አለኝ። የአቦቦ ገበሬ ገንዘብ የሚያገኘው በወሩ መጨረሻ ሳይሆን በቆሎውና ጥጡ ሲሸጥ ነው፤ በሰኔ ለዘር የተበደረውን በሐምሌ እንዲመልስ መጠየቅ ቅጣቱን አስቀድሞ መጻፍ ማለት ነው። ባንኮችና የስልክ ገንዘብ ድርጅቶች የመክፈያውን ቀን በመኸር ወራት ላይ ያድርጉለት፤ ክፍያውንም በብርና በቀን፣ በዓመትም በመቶ አስልተው፣ ሰው ከመስማማቱ በፊት በሚታይ ቦታ በአማርኛም፣ በአኙዋክኛም፣ በኑዌርኛም ይጻፉለት።